ከሳሻችሁ ራሱ እጁ ንጹህ ካልሆነ፦ አንክሊን ሃንድስ የሚባለውን መከላከያ አሜሪካ ፍርድ ቤት እንዴት ታነሱታላችሁ

አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ እዚህ ዲሲ ሜሪላንድ ቨርጂኒያ፣ እኛ አበሾች ፍርድ ቤት የምንካሰስበት ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ አይነት ነው። በሰው ስም የተገዛ ቤት፣ ሁለትና ሶስት ሆነው የከፈቱት ሬስቶራንት ወይ ጋዝ ስቴሽን፣ ያለ ወረቀት የተሰጠ ብድር፣ እቁብ። የክስ ወረቀቱ እጁ ሲገባ ደሞ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ "እሱ ነው እኔን የሚከሰኝ? እሱ የሰራውን ባወጣውስ!"

ይሄን ነገር ህጉ ያውቀዋል። አንክሊን ሃንድስ ይባላል፣ በዛው ጉዳይ ላይ ራሱ ተንኮል የሰራ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ "ፍረዱልኝ" ሲል ዳኛው ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል የሚል የቆየ መርህ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ቦታው ያልሆነ ቦታ ያነሳዋል፣ ወይ ጊዜው ካለፈ በኋላ ያነሳዋል፣ ወይ ስድብ አድርጎ ያቀርበዋል፣ እና ጥሩ መከላከያ የነበረው ሰው ተሸንፎ ይወጣል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ስለዚህ የማውቀውን በደንብ ልጻፈው። ጠበቃ አይደለሁም፣ የጠበቆችን ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምተረጉም ሰው ነኝ፣ ይሄን አንብባችሁ ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው የምጽፈው።

አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙ፦ ዳኛው "ከሳሹ መጥፎ ሰው ነው ወይ" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው "ከሳሹ የሰራው ጥፋት አሁን ከሚጠይቀኝ ነገር ጋር በቀጥታ ይገናኛል ወይ" ብሎ ነው። ሚስቱን መፍታቱ፣ ሌላ ሰው ጋ ያለበት እዳ፣ አገር ቤት የሰራው ነገር፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ የተጣላው፣ እነዚህ በሙሉ ከጉዳዩ ውጪ ናቸው። እንግሊዝ አገር በ1787 ዴሪንግ እና የዊንቸልሲ መስፍን በተከራከሩበት ጉዳይ ላይ ነው ዳኛው ይሄን ድንበር ያሰመሩት፣ አጠቃላይ የሰውየው ብልሹነት አይበቃም፣ ጥፋቱ ከሚጠየቀው ዳኝነት ጋር የቅርብና የግድ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል ብለው። ከ200 አመት በላይ ሆኖትም የአሜሪካ ዳኞች እስካሁን የሚሉት እሱኑ ነው።

የመርሁን መንፈስ ለመረዳት በጣም የሚጠቅም ከዛም የቆየ ጉዳይ አለ። በ1725 ሁለት የእንግሊዝ መንገድ ላይ ዘራፊዎች፣ ኤቨሬት እና ዊልያምስ፣ በዘረፋ ሽርክና ነበራቸው፣ አንዱ "ድርሻዬን አልሰጠኝም" ብሎ ሌላውን ከሰሰ። ክሱ ላይ ዘረፋ የሚል ቃል የለም፣ ከተለያዩ ጌቶች ጋር በሰዓት፣ በቀለበት፣ በጎራዴ፣ በፈረስ "ስንነግድ" ነበር ነው የሚለው። ፍርድ ቤቱ ነገሩ ገባው፣ ክሱን ዘጋው፣ ክሱን ያቀረቡትን ጠበቆች እያንዳንዳቸውን 50 ፓውንድ ቀጣ፣ ሁለቱ ዘራፊዎችም ኋላ ላይ ተሰቀሉ። ፍርድ ቤት የሌቦች ሂሳብ አካፋይ አይሆንም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

መጀመሪያ ክሱ ምን እንደሚጠይቅ አንብቡ

የክስ ወረቀቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ከሳሹ ፍርድ ቤቱን የሚጠይቀው ነገር ተዘርዝሯል። ብዙ ሰው የፊተኛውን ታሪክ አንብቦ ደሙ ይፈላና እዛ ሳይደርስ ይቀራል። እናንተ ግን ከመጨረሻው ጀምሩ፣ ምክንያቱም ይሄ መከላከያ የሚሰራው በሚጠየቀው ነገር አይነት ላይ ተመስርቶ ነው።

በድሮው ስርዓት ሁለት አይነት ፍርድ ቤት ነበር፣ አንዱ ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ሌላው ደሞ ገንዘብ በማይፈታው ጉዳይ ላይ "አድርግ፣ አታድርግ" ብሎ የሚያዝ፣ ኢኩዊቲ የሚባለው። አንክሊን ሃንድስ የተወለደው እዛ ሁለተኛው ቤት ነው። የፌደራል ፍርድ ቤቶች ሁለቱን በ1938 አዋህደዋቸዋል፣ ቨርጂኒያ በ2006 ነው ያዋሃደችው፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ከሳሹ የሚጠይቀው እግድ ከሆነ፣ ወይ "ቤቱን በስሜ ያዙርልኝ"፣ "ውሉን እንዳለ ይፈጽምልኝ"፣ "የሽርክናው ሂሳብ ይታሰብልኝ"፣ "ውሉ ይፍረስልኝ" ከሆነ ኢኩዊቲ ውስጥ ናችሁ፣ መከላከያው ቦታው ላይ ነው። "20 ሺህ ዶላር አበድሬው አልመለሰልኝም፣ ይክፈለኝ" ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ስቴቶች ውስጥ ይሄ መከላከያ አይነሳም፣ ሌላ መከላከያ ነው መፈለግ ያለባችሁ፣ ለምሳሌ ውሉ ራሱ ህገወጥ ነበር፣ ወይ ተጭበርብሬ ነው የፈረምኩት፣ ወይ ከፍያለሁ።

እቁብን እንውሰድ። አንድ ሰው ደርሶት 30 ሺህ ዶላር በላና መክፈል አቆመ እንበል፣ ሰብሳቢው ከሰሰው፣ ተከሳሹ ደሞ "ሰብሳቢው ራሱ የሌሎችን እጣ እያዘገየ በገንዘቡ ይነግድበት ነበር" አለ። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የተጠየቀው የውል ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ አንክሊን ሃንድስ ብሎ መሄድ መንገድ መሳት ነው። ሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ማለትም እስከ 30 ሺህ ዶላር የሚያየው ፍርድ ቤት ደሞ አጠቃላይ የኢኩዊቲ ስልጣን እንኳን የለውም። ካሊፎርኒያ ብትሆኑ ሌላ ነው፣ እዛ በገንዘብ ክስም ላይ ይነሳል፣ በ1999 ኬንዳል ጃክሰን የሚባለው ወይን ጠማቂ ድርጅት በነበረበት ጉዳይ የይግባኙ ፍርድ ቤት ይሄን በግልጽ ብሎታል። ስለዚህ "ጓደኛዬ ሎስ አንጀለስ እንደዚ ብሎ አሸነፈ" የሚል ወሬ ሰምታችሁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንዳትሞክሩት።

ጥፋቱን ከጥያቄው ጋር አያይዙት

አሁን ወረቀት አውጡና ከሳሹ ያጠፋውን ነገር ጻፉ። ከያንዳንዱ ፊት ለፊት ደሞ "ይሄ አሁን ከሚጠይቀው ነገር ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው" ብላችሁ መልሱን ጻፉ። መልስ ያጣችሁለትን ሰርዙት፣ ምንም ያህል ቢያናድዳችሁ። ከ10 ነገር ሁለት ቢቀራችሁ ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ላይ ነው ጉልበታችሁን የምታፈሱት።

ግንኙነት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1933 የወሰነው የኪስቶን ድሪለር ጉዳይ ነው። ኪስቶን የሚባለው ድርጅት የቁፋሮ ማሽን ፓተንት ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነበረው። ከሱ በፊት ተመሳሳይ ነገር የተጠቀመ ሰው እንዳለ አወቀ፣ ይሄ ቢወጣ ፓተንቱ ሊፈርስ ይችላል፣ ስለዚህ ለሰውየው ከፍሎ ዝም አሰኘው። ከዛ አንዱን ተወዳዳሪ ከሶ አሸነፈ፣ ያቺን ድል ይዞ ደሞ ሌሎች ተወዳዳሪዎችን ከሰሰ፣ "ባለፈው ተፈርዶልኛል እኮ፣ አሁን አግዱልኝ" ብሎ። ዝም የማሰኘቱ ነገር ሲወጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሩን ዘጋበት። ለምን? አየህ፣ ያቺ የመጀመሪያ ድል የተገኘችው ማስረጃ በመደበቅ ነው፣ አሁን የሚጠይቀው እግድ ደሞ የቆመው በዛች ድል ላይ ነው። ጥፋቱ ጥያቄው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። እዛው ውሳኔ ላይ ግን ፍርድ ቤቱ በግል ህይወቱ ንጹህ ያልሆነን ሰው ሁሉ አናባርርም ብሏል።

የናንተም ነገር እንደዛ መሆን አለበት። የሬስቶራንት ሸሪካችሁ ሂሳብ ይታሰብልኝ ብሎ ከሶ፣ ያው ሂሳብ ውስጥ ያለውን ገንዘብ በስውር ወደ ራሱ አካውንት ሲያዞር ከነበረ ግንኙነቱ ግልጽ ነው። ሸሪካችሁ የግል ታክሱን አጭበርብሮ ከሆነ ግን ያ የአይአርኤስ ማለትም የታክስ መስሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው እንጂ የናንተ አይደለም። ብዙ ፍርድ ቤቶች በጥፋቱ የተጎዳችሁት እናንተ ናችሁ ወይ ብለውም ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ የደረሰባችሁን ጉዳት በቁጥርና በቀን መናገር መቻል አለባችሁ። ጥፋቱ ደሞ ስህተት ብቻ ከሆነ አይበቃም፣ ቀኑን ተሳስቶ የጻፈ ወይ ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ተንኮለኛ አይባልም። ወንጀል መሆን ግን የለበትም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ማታለል፣ ክህደት፣ እምነት ማጉደል ከሆነ በቂ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ደሞ መከላከያው እንደማይሄድ እወቁ፣ በተለይ አሰሪዎች የሆናችሁ። ሰራተኛ የሰራሁበት ደሞዝ አልተከፈለኝም ብሎ ሲከስ "አንተም በካሽ ስትቀበል ታክስ አልከፈልክም፣ የሰጠኸን ሶሻል ሴኩሪቲም የውሸት ነው" የሚል መልስ ይሰጣል። በ2013 የ11ኛው ሰርኪት የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄንኑ ክርክር ሰምቶ አልተቀበለውም፣ ህጉ የወጣው ሰራተኛውን ለመጠበቅ ስለሆነ። ከዛ በፊትም በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማኬነን ጉዳይ፣ በእድሜዋ ምክንያት ተባረርኩ ያለች ሴት የመስሪያ ቤቱን ሚስጥራዊ ወረቀት ኮፒ አድርጋ መውሰዷ ክሷን ሙሉ በሙሉ አያስዘጋም ብሏል፣ የምታገኘውን ካሳ ግን ሊቀንሰው ይችላል። እኔ በበኩሌ ይሄ ልክ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሰው የለፋበትን ደሞዝ በዚህ ዘዴ መከልከል ትክክል አይደለም።

በሰው ስም የተገዛው ቤት

ይሄ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ረዘም አድርጌ ላስረዳው፣ ምክንያቱም በኛ መሃል በጣም የበዛ ነው።

አንድ ሰው፣ እንበል 60 ሺህ ዶላር ዳውን ፔይመንት ማለትም ቅድሚያ ክፍያ ከፈለ፣ ሞርጌጁንም ማለትም የቤቱን የባንክ ብድር በየወሩ ይከፍላል፣ ቤቱ ግን በአጎቱ ልጅ ስም ነው። ከ6 አመት በኋላ ቤቱ ዋጋው ጨመረ፣ የአጎቱ ልጅ "ቤቱ የኔ ነው፣ ስትከፍል የነበረው ኪራይ ነው" አለ። ከፋዩ ከሰሰ፣ "ገንዘቡ የኔ ስለሆነ ቤቱን በአደራ ነው የያዘልኝ፣ ያዙርልኝ" ብሎ። ይሄ ንጹህ የኢኩዊቲ ጥያቄ ነው። የአጎቱ ልጅ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ታዲያ "ቤቱ ለምን በስምህ አልሆነም?" ብሎ ነው። ሁሉ ነገር ያለው እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱ "ፍርድ ቤት የፈረደብኝ እዳ ነበረብኝ፣ ገንዘብ የሚጠይቁኝ ሰዎች እንዳያገኙት ነው" ከሆነ፣ ወይ "ቻይልድ ሰፖርት ማለትም የልጅ ማሳደጊያ ላይ ሃብቴ እንዳይታይ ነው" ከሆነ፣ አንክሊን ሃንድስ በሙሉ ሃይሉ ይመጣል። ሰው ለመደበቅ የሰጠውን ንብረት ዳኛው አውጥቶ እንዲመልስለት ነው የሚጠይቀው። ሁለቱም በተንኮሉ ውስጥ ካሉ ደሞ ብዙ ጊዜ ዳኛው የሚያደርገው ሁለቱንም ባሉበት መተው ነው፣ ባሉበት መተው ማለት ደሞ ዲዱ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱ በስሙ ያለው ሰው ቤቱን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ መከላከያውን ከማንሳታችሁ በፊት "ዳኛው እጁን ቢያነሳ ማን ይጠቀማል?" ብላችሁ አስቡ። ንብረቱ በእጃችሁ ካለ መከላከያው ለናንተ ነው፣ በእጃችሁ ከሌለ ብዙ አያደርግላችሁም።

መልሱ "ክሬዲቴ ጥሩ አልነበረም" ብቻ ከሆነስ? ክሬዲት መጥፎ መሆን በራሱ ማንንም ማታለል አይደለም። ግን ሞርጌጁ ላይ የተፈረመው ምንድነው? አፕሊኬሽኑ ላይ "ቤቱ ውስጥ ራሴ እኖራለሁ፣ ዳውን ፔይመንቱም የራሴ ነው" የሚል ነገር ከተፈረመ ለባንክ ውሸት ተነግሯል፣ እሱ ደሞ በፌደራል ህግ እስከ 30 አመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አሁን ልብ በሉ፣ የፈረመው ማነው? ከሳሹ አይደለም፣ የአጎቱ ልጅ ነው። ማለትም "ከሳሹ ባንክ አታሏል" ብሎ መከላከያ የሚያነሳው ሰው የራሱን ፊርማ ዳኛ ፊት ማውጣቱ ነው። እንደዚህ አይነት ጉዳይ ላይ ከሆናችሁ የሲቪል ጠበቃ ብቻ አይበቃችሁም፣ አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የወንጀል ጠበቃም አማክሩ፣ ግሪን ካርድ ወይ ዜግነት እየጠበቃችሁ ከሆነ ደሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃም።

ለንደን ላላችሁ፣ እዛ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ1993 ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በወሰነው የቲንስሊ እና ሚሊጋን ጉዳይ ሁለት ሴቶች አብረው ቤት ገዝተው በአንዷ ስም ብቻ አደረጉት፣ ሌላኛዋ ቤት የሌላት መስላ የመንግስት ድጎማ እንድትወስድ። ሲጣሉ ያለስሟ የቀረችው ድርሻዋን ጠየቀች፣ እና አሸነፈች፣ 3 ለ 2 በሆነ ድምጽ፣ ገንዘብ ማዋጣቷን ብቻ ማሳየት በቂዋ ነው፣ ድርሻዋን ለማስረዳት ማጭበርበሩን መጥቀስ አያስፈልጋትም ተብሎ። በ2016 ደሞ ፓቴል እና ሚርዛ በተከራከሩበት ጉዳይ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄን መለኪያ ቀይሮ፣ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ቢከለክል የህጉ አላማ ይሳካል ወይ፣ ቅጣቱስ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ይታይ ብሏል፣ ከሳሹ ፓቴልም በውስጥ መረጃ አክሲዮን ላይ ሊወራረድበት የሰጠውን 620 ሺህ ፓውንድ እንዲመለስለት ተፈርዶለታል። ሚሊጋን ሳትጠየቅ ሄዳ ማጭበርበሯን ለድጎማው መስሪያ ቤት መናገሯንም አስታውሱ፣ አሜሪካም ቢሆን ጥፋቱን ክሱ ሳይመጣ ያስተካከለ ሰው በዳኛ ዓይን ይሻላል።

መልሱን በጊዜ፣ በዝርዝር

ይሄ መከላከያ በመልስ ወረቀታችሁ ላይ ካልተጻፈ እንደተዋችሁት ነው የሚቆጠረው። "ችሎት ላይ አስረዳለሁ" አይሰራም። በፌደራሉ የሲቪል ክርክር ደንብ ሩል 8 መሰረት አፈርማቲቭ ዲፌንስ ማለትም ተከሳሹ ራሱ አንስቶ ራሱ የሚያስረዳው መከላከያ መልሱ ላይ መኖር አለበት። ጊዜው ፌደራል ፍርድ ቤት 21 ቀን ነው፣ ዲሲ ሱፒሪየር ኮርትም ቨርጂኒያ ሰርኪት ኮርትም 21 ቀን፣ ሜሪላንድ ሰርኪት ኮርት ስቴቱ ውስጥ ለደረሰው ሰው 30 ቀን፣ ካሊፎርኒያም 30። የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ነው፣ ፖስታውን ከከፈታችሁበት አይደለም። መልስ አስገብታችሁ ከረሳችሁት ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል፣ በፌደራል መልሱን ካስገባችሁ በ21 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃድ ታሻሽላላችሁ፣ ከዛ በኋላ ግን የከሳሹ ስምምነት ወይ የዳኛው ፈቃድ ነው።

አጻጻፉ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት። ብዙ መልሶች ላይ "የከሳሹ ክስ በአንክሊን ሃንድስ ምክንያት ውድቅ ይሁን" የምትል አንዲት መስመር ብቻ አለች፣ ጠበቆችም ሳይቀሩ እንደዛ ይጽፋሉ። የሌላው ወገን ጠበቃ "ባዶ ነው" ብሎ እንዲሰረዝ ሊጠይቅ ይችላል። ሌላው ደሞ "ከሳሽ ሌባና ውሸታም ሰው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል" ይላል። ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ደህና የተጻፈ እንዲህ ይመስላል፣ ሃሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው፦

"ከሳሽ የሚጠይቀው የሬስቶራንቱ ትርፍ ታስቦ ድርሻው እንዲሰጠውና እኔ ከባንክ አካውንቱ እንድታገድ ነው። ከሳሽ ግን ከጥር እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሬስቶራንቱን የካርድ ገቢ ለእኔ ሳይነግረኝ በራሱ ስም ብቻ ወደከፈተው አካውንት አዙሯል። በወቅቱ ስጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ በጽሁፍ መልሶልኛል። የዞረው ገንዘብ አሁን ይታሰብልኝ የሚለው ሂሳብ አካል ነው። በዚህም ምክንያት የሁለት ወር ኪራይ ከግል ገንዘቤ ከፍያለሁ።"

እዩት፣ ስድብ የለም። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ፣ ምን ብሎ ደበቀ፣ ከሚጠይቀው ጋር እንዴት ይገናኛል፣ እኔ ምን ተጎዳሁ፣ በቃ። ማጭበርበር የሚል ነገር ስታነሱ ደሞ በፌደራሉ ሩል 9 ዝርዝሩን እንድትጽፉ ትገደዳላችሁ፣ ስለዚህ እንደዚህ መጻፍ ከሁለቱም ያድናችኋል።

ሌላ የማይረሳ ነገር፣ ይሄ መከላከያ ጋሻ ብቻ ነው፣ ብር አያመጣላችሁም። ሸሪካችሁ የወሰደባችሁን ገንዘብ ማስመለስ ከፈለጋችሁ መልሱ ላይ የራሳችሁን የመልሶ ክስ አብራችሁ አስገቡ። ከዛው ጉዳይ የመነጨ ከሆነ በፌደራሉ ህግ አሁን ካላስገባችሁት በኋላ ማስገባት ላትችሉ ነው።

ማስረጃ፣ እና ማስረጃ ስትሰበስቡ የማይደረግ

የማስረዳት ሸክሙ የናንተ ነው። የባንክ ስቴትመንት፣ የካርድ ማሽኑ ሪፖርት፣ የተላላካችሁት ቴክስት፣ ዲድ፣ የተፈረመ ወረቀት። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፋችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሰውዬ ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። እናንተ ግን ምንም አታጥፉ፣ ራሳችሁን የሚጎዳ ቢሆን እንኳን፣ ማስረጃ አጥፍቶ የተገኘ ሰው ስለሌላው እጅ ማውራት አይችልም። በእጃችሁ የሌለውን በዲስከቨሪ ትጠይቃላችሁ፣ ከሳሹ የጽሁፍ ጥያቄያችሁን በመሃላ ይመልሳል፣ ወረቀት ያወጣል፣ በፌደራሉ 25 ጥያቄና 30 ቀን ነው፣ ባንኩን ደሞ በሰፒና ማለትም ማስረጃ አውጣ በሚል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ።

አማርኛ መልዕክት እንዳለ ዳኛ ጋ አይገባም፣ ትርጉሙን የሚያረጋግጥ ተርጓሚ ፈርሞበት ነው። እባካችሁ የእህታችሁን ልጅ አታስተርጉሙ። "አንተ እንዳልክ ይሁን" የሚል አንድ መልዕክት እሺታ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? ጉዳዩ እዛች ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ፊትና ኋላው ያለው መልዕክት አብሮ መተርጎም አለበት።

ድምጽ መቅዳት ላይ ተጠንቀቁ። ዲሲና ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ማለትም እናንተ ካወቃችሁ ይበቃል፣ ሜሪላንድ ግን ሁሉም መፍቀድ አለበት፣ ካልፈቀደ ወንጀል ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ህጉ ይለወጣል። የሰውየውን ኢመይል በድሮ ፓስወርድ ገብታችሁ መክፈትም እንደዛው።

ሽምግልና ላይ የተባለ ነገርስ? "ሽማግሌዎች ፊት አምኗል፣ ሶስት ሰው ይመሰክራል" የሚል ሰው ብዙ ነው። በፌደራሉ የማስረጃ ሩል 408፣ ሜሪላንድም ተመሳሳይ አላት፣ ለመታረቅ በተደረገ ንግግር ላይ የተባለን ነገር ጥፋቱን ለማስረዳት ማቅረብ አይቻልም። እኔ ይሄ ደንብ ለኛ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ ሰው ሽማግሌ ፊት ሳይፈራ እንዲናገር ያደርጋል። ግን ማስረጃችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ባዶ እጃችሁን ናችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የታየውን ወረቀት ራሱን ፈልጉት።

ደሞ አደራ፣ "ክሱን ካላነሳህ ለኢሚግሬሽን እናገራለሁ" የሚል ቴክስት እንዳትልኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰውን በመኖሪያ ፈቃድ ማስፈራራት ገንዘብ ለማግኘት ከሆነ በወንጀል ህጉ ላይ በስም ተጽፏል፣ ሌሎችም ስቴቶች ተመሳሳይ አላቸው። ተከሳሽ ሆናችሁ የነበረውን ንጹህ እጅ በአንድ ቴክስት ታበላሹታላችሁ። ፍርድ ቤት የምታስገቡት ወረቀት ደሞ ማንም ሰው የሚያየው የህዝብ መዝገብ ነው፣ ሬስቶራንቱ ሁለት ሂሳብ ይይዝ ነበር ብላችሁ ከጻፋችሁ እናንተም ታክሱ ላይ ፈርማችሁበት ከሆነ ራሳችሁን ነው የጻፋችሁት።

ችሎት ላይ

የኢኩዊቲ ጥያቄ የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ጁሪ አይደለም። ነገሩን ተቀብሎ ክሱን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል፣ ከፊሉን ብቻ ሊከለክል ይችላል፣ ተረድቶትም ሊያልፈው ይችላል፣ ምርጫው የሱ ነው፣ ይግባኝ ላይም ዳኛው ስልጣኑን አለአግባብ ካልተጠቀመ በስተቀር ብዙ አይነኩትም። ስለዚህ በንዴት አትናገሩ። ለይታችሁ ያስቀራችኋቸውን ሁለት ጥፋቶች ተናገሩ፣ ወረቀቱን አሳዩ፣ ግንኙነቱን በአንድ አረፍተ ነገር አስረዱ፣ ተቀመጡ። እንግሊዝኛችሁ ለስራ ቢበቃም አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ በመሃላ ስትጠየቁ "አዎ" ያላችሁት ነገር አይመለስም።

አዲስ አበባ ጉዳይ ላላችሁ፣ ይሄ መከላከያ በዚህ ስሙና መልኩ የኢትዮጵያ ህግ ውስጥ የለም፣ የኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ከሌላ ባህል ነው የመጣው። የውሉ ጉዳይ ህገወጥ ወይም ከሞራል ውጪ ከሆነ ውሉ አይጸናም የሚለው አንቀጽ 1716 ግን አለ፣ የራሱን ግዴታ ሳይወጣ የሌላውን የሚጠይቅ ሰው ላይ የሚነሳ መቃወሚያም አለ፣ እዛ ያለ ጠበቃ በነዚህ ነው የሚሄድላችሁ።

ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ ሜሪላንድ ውስጥ ኮርት ሄልፕ ሴንተር የሚባሉት ያለ ጠበቃ ለሚከራከር ሰው በነጻ ያማክራሉ። ማንም ጋ ብትሄዱ ግን ሁለት ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ የክሱ የመጨረሻ ገጽ፣ ሌላው ሁለቱን ጥፋቶች ከነቀናቸውና ከነማስረጃቸው የጻፋችሁበት። ክሱ የደረሳችሁን ቀን ከላይ ጻፉበት፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።